ሠራተኛ በመቀነስ ቴሌኮም ይድናል? አንድ ጥያቄና 24 ምላሾች

በኢንተርኔት ላይ የተካሄደውን ይህን የውይይት ክር የከፈተው ሰው በአንድ የቴሌኮም ኩባንያ ውስጥ መካከለኛ ኃላፊ ነው። የኩባንያውን ስምም ሆነ አገሩን አልተናገረም። መደበኛ ስልክ፣ ሞባይልና ኢንተርኔት ይሸጣሉ። ገቢያቸው ለሦስት ዓመት በተከታታይ ወርዷል። ደንበኛው ወደ ተፎካካሪ እየሸሸ ነው። ብልሽት ሲመዘገብ ቶሎ አይጠገንም፣ ለደንበኛው የሚላከው የክፍያ ቢልም ይሳሳታል። ሠራተኛ ማኅበሩ ደግሞ ከማኔጅመንቱ የሚመጣውን ነገር ሁሉ በጥርጣሬ ያያል፤ የሽፍት ሰዓት ለመቀየር እንኳ ወራት የፈጀ ድርድር ነበር። የሰውየው አቋም አንድ ነው፦ ከሠራተኛው አንድ ሦስተኛው ካልወጣ ኩባንያው አይተርፍም፣ ማኔጅመንቱ ግን ማኅበሩን ፈርቶ አንገቱን ደፍቷል። ጥያቄውም ቀላል ነው። መጀመሪያ መቀነስ ነው ወይስ መጀመሪያ መደራደር?

ብዙ ሰው መለሰለት። በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። ዝም ብሎ የተስማማውን ቶሎ አልፈዋለሁ፣ ጨዋታው የሞቀበት ቦታ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ምላሽ 1። በትሕትና ተስማማ። ማስረጃ አድርጎ ያመጣው የሕንዱን የመንግሥት ቴሌኮም ቢኤስኤንኤልን ነው። በ2019 ኩባንያው ከሚያስገባው ገንዘብ 75 በመቶ ገደማ ለሠራተኛ ወጪ ይሄድ ነበር። የግል ተፎካካሪዎቹ ግን ከ10 በመቶ በታች ነበሩ። መንግሥት ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ ለሆኑት በፈቃዳቸው የሚለቁበትን ክፍያ አቀረበ። ከ78,000 በላይ ሰው ተቀበለ። ሁሉም ጃንዋሪ 31፣ 2020 ላይ በአንድ ቀን ተሰናበቱ። የሠራተኛው ግማሽ ያህል መሆኑ ነው። ስለዚህ ከተፈለገ ይቻላል ብሎ ደመደመ።

ምላሽ 2። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ታሪኩ ግን ጎደሎ ነው አለ። የግሉ ጂዮ በሴፕቴምበር 2016 በ4ጂ ገበያ ሲገባና ዋጋ ሲሰብር ቢኤስኤንኤል ለ4ጂ የሚሆን ሞገድ በእጁ አልነበረውም። ሠራተኛው ግማሽ ቢሆንም እጥፍ ቢሆንም በ3ጂ ከ4ጂ ጋር መወዳደር አይቻልም። ከቅነሳው በኋላም መንግሥት በ2022 እንደገና 1.64 ትሪሊዮን ሩፒ የሚሆን የማዳኛ ጥቅል መመደብ ነበረበት። ኩባንያው ከ2007 ወዲህ የመጀመሪያውን የሩብ ዓመት ትርፍ ያስመዘገበው በ2024 መጨረሻ ነው። ቅነሳው ካለፈ አምስት ዓመት ሊሞላው ሲል ማለት ነው።

ይኸው ሰው አንድ ነገር ጨመረ፤ ለእኔ ከመላው ክር ጠቃሚው ይህ ነው። የደሞዝ ወጪ ከገቢ አንጻር ስንት በመቶ ነው ሲባል፣ ቁጥሩ የሚያብጠው ደሞዝ ስለጨመረ ብቻ አይደለም። ገቢ ሲወድቅ ደሞዙ ባለበት ቆሞም በመቶኛው ይወጣል። ስለዚህ ያንን ቁጥር ይዞ ሠራተኛው በዛ ከማለት በፊት ገቢው ለምን ወደቀ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ጥያቄ ከፋቹ ይህንን አልፎት ሄዷል።

ምላሽ 3። የተቆረጠ ፋይበር፣ ማለትም መረጃ በብርሃን የሚያስተላልፍ ገመድ፣ የሚያገጣጥም ቴክኒሻን ነው። እሱ በሚሠራበት ኩባንያም በፈቃድ መልቀቅ ታውጆ ነበር። ቅጹን ለመሙላት የተሰለፉት ሰነፎቹ አልነበሩም ይላል። ሌላ ቦታ ሥራ እንደሚያገኙ የሚያውቁት ናቸው ቀድመው የወጡት። ከዚያ አንድ ዋና ገመድ ተቆረጠ። ካርታው ላይ ያለው መስመርና መሬት ውስጥ ያለው መስመር አልተገናኙም። መገጣጠሚያው የት እንደተቀበረ የሚያውቀው አንድ የተሰናበተ ሰው ብቻ ነበር። ኩባንያው በኮንትራክተር በኩል መልሶ ጠራው፤ ሲከፍለው ከነበረው በላይ እየከፈለ። የስንብት ክፍያውንም ወስዷል።

ምላሽ 4። ሳቀ። የእኛም ቤት እንደዚያው ነው አለና ወጣ።

ምላሽ 5። ቴክኒሻኑን አልተቃወመም፣ ጥፋቱን ግን አዛወረው። የኔትወርክ ካርታ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ከቀረ፣ ያንን ሰው ዕድሜ ልክ ማቆየት መፍትሔ አይሆንም። ጥገና በተደረገ ቁጥር መዝገቡን ማስተካከል የሥራው አካል መሆን ነበረበት። ለዚህ የሚሆን ሰዓት ያልሰጠው ማኔጅመንቱ ነው። ቴክኒሻን በቀን ስንት ብልሽት ዘጋ ተብሎ ከተለካ ካርታ ለማረም የሚቀመጥበት ምክንያት የለውም።

ምላሽ 6። ጥያቄ ከፋቹ ተመለሰ። የፋይበር ቴክኒሻን ይቀነስ አላልኩም አለ። እሱ የሚያወራው በመዳብ ገመድ ዘመን ለነበረ ሥራ ተቀጥረው ዛሬ ሥራ ስለሌላቸው ሰዎች ነው። ተነቅለው ያለቁ የድሮ የስልክ ማዞሪያዎች ጥገና ክፍል እስካሁን ኃላፊ፣ ምክትልና ጸሐፊ አለው። ይኼ ሐቅ ነው፤ በዚህ ማንም አልተከራከረውም።

ምላሽ 7። እንዲያውም ደገፈው። የእንግሊዙ ቢቲ በ2023 ዕቅዱን ሲያሳውቅ እስከ አስርተ ዓመቱ መጨረሻ ከ40,000 እስከ 55,000 የሥራ ቦታ እቀንሳለሁ ብሏል፤ በኮንትራት ያሉትን ጨምሮ። ከምክንያቶቹ አንዱ ቴክኒክ ነው። የፋይበር ዝርጋታው ሲያልቅ የሚቆፍርና የሚያገናኝ ሰው ያንሳል። ፋይበር ደግሞ እንደ መዳብ ውኃ ሲነካው አይዝግም፣ ስለዚህ ጥገናው ትንሽ ነው። ልዩነቱ ቢቲ ዓመታት ቀድሞ መናገሩ ነው፤ ጡረታው የደረሰው ይወጣል፣ ሌላው ይሠለጥናል። የእናንተ ዕቅድ ለስንት ጊዜ ነው ብሎ ጠየቀ። መልስ አላገኘም።

ምላሽ 8። እዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠ። ጸሐፊው ፍራንስ ቴሌኮምን አነሣ። ከ2006 እስከ 2008 በነበረው ዕቅድ 22,000 ሰው እንዲለቅ፣ 10,000 ደግሞ ሥራ ወይም ቦታ እንዲቀይር ተወሰነ። ችግሩ አብዛኛው ሠራተኛ የመንግሥት ሠራተኛ መብት ነበረው፤ ማባረር አይቻልም። ስለዚህ ሰዎቹ ራሳቸው ተማረው እንዲወጡ ግፊቱ በረታ። ደጋግሞ ማዛወር፣ ሥራ መንሣት፣ ኃላፊዎችን ስንት ሰው አስለቀቅክ ብሎ መገምገም። ፍርድ ቤቱ ከመረመራቸው 39 የሠራተኞች ጉዳዮች ውስጥ 19ኙ ሕይወታቸውን ያጠፉ ነበሩ። በዲሴምበር 2019 ኩባንያው 75,000 ዩሮ ተቀጣ። የቀድሞው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዲዲዬ ሎምባርም ተፈረደበት። በይግባኝ የእስር ቅጣቱ በገደብ ሆነለት፤ ጥፋተኝነቱን ግን የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2025 መጀመሪያ አጽንቶታል።

ይህ ሰው ስለ ደግነት አላወራም። ያለው ይህን ነው፦ ሕጉ ማባረር ሲከለክልህና ቁጥሩ ደግሞ የግድ ይነስ ሲባል፣ ግፊቱ ወደ ታች ይወርዳል። የመጨረሻው ቡድን መሪ ጋ ሲደርስ ሰው ማሰቃየት ይሆናል። ከላይ ያለው ግን እኔ ቁጥር እንጂ ሌላ አላዘዝኩም ይላል።

ምላሽ 9። ተቆጣ። ጥያቄ ከፋቹን አንተ ነህ ቀድመህ መቀነስ ያለብህ አለው። መካከለኛ ኃላፊ ማለት ከታች የመጣውን ሪፖርት ወደ ላይ፣ ከላይ የመጣውን ትእዛዝ ወደ ታች የሚያስተላልፍ ነው ብሎ ተሳለቀ። ትንሽ አበዛው።

ምላሽ 10። ከርዕስ ወጣ። የተሰረዘ መስመር ስላለው አንድ ዘመዱና እስካሁን ስለሚመጣበት ቢል አወራ። ዘመዱ ደውሎ ስለሰማው የመጠበቂያ ሙዚቃም ጽፏል። ማንም አልመለሰለትም።

ምላሽ 11። የ9ኛውን ጸሐፊ የማኅበር ካድሬ አለው። አክሎም፣ ማኅበራት ሁልጊዜ የሚከላከሉት ያለውን አባል ነው፤ ኩባንያው ሲዘጋ ግን ሁሉም አባል ሜዳ ላይ ይቀራል አለ። ነጥቡ እውነትነት አለው። ስድቡ ነው የጋረደው።

ምላሽ 12። ረጅሙ ምላሽ ይህ ነው፤ የጻፈውም ጉዳዩን በደንብ የሚያውቅ ሰው ይመስላል። ስለ ፌርፖይንት ነው። ቬራይዘን በአሜሪካ ሜይን፣ ኒው ሃምፕሽርና ቬርሞንት የነበረውን የመደበኛ ስልክ ኔትወርክ በ2008 ለዚህ ኩባንያ ሸጠ። ፌርፖይንት ከገዛው ኔትወርክ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነበር። ግዢውንም በብድር ነው የፈጸመው። ሲደብልዩኤ እና አይቢኢደብልዩ የተባሉት ሠራተኛ ማኅበራት ገና ሽያጩ ሳይፈቀድ ተቆጣጣሪዎች ፊት ቀርበው ኩባንያው ይህን አይሸከምም ብለው ተቃውመው ነበር። አልተሰሙም።

ከዚያ በ2009 መጀመሪያ ከቬራይዘን ሲስተም ወደ ራሱ አዲስ ሲስተም ተሻገረ። የትእዛዝ መቀበያው፣ የብልሽት መመዝገቢያውና የቢል ማውጫው በአንድ ጊዜ ተቀየሩ። ትእዛዝ ገብቶ ጠፋ። ቢል ተዛባ። ኮል ሴንተሩ በሰልፍ ተጨናነቀ። ቴክኒሻኑ ደንበኛ ቤት የሚደርሰው የተሳሳተ ወረቀት ይዞ ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ 2.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ ይዞ ከአበዳሪዎቹ የሚከልለውን የመክሰር ጥበቃ ፍርድ ቤት ጠየቀ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሠራተኛው ደሞዝ የት አለ ብሎ ጠየቀ ጸሐፊው። ያወደቀው የግዢው ብድርና ሳይበስል የተከፈተ ሲስተም ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው፤ ዕዳውን ያመጣውን ሰው መንካት ሲያስፈራ ቴክኒሻኑ ይቀነሳል።

ጥያቄ ከፋቹ ደንበኛ ይሸሻል፣ ቢል ይሳሳታል ያለውን አስታውሱ። የተሳሳተ ቢል የሚያወጣው የተትረፈረፈ ሠራተኛ አይደለም። እኔም እዚህ ላይ ነው ወደ 12ኛው ያደላሁት።

ምላሽ 13። ታሪኩን አልጨረስከውም አለ። ፌርፖይንት በ2011 ከመክሰር ወጣ፤ ያኔም ማኅበሩ አልተረፈም፣ ኩባንያውም አልተረፈም። በ2014 ድርድሩ ሲቆም ማኔጅመንቱ የመጨረሻ ያለውን ሐሳብ በራሱ ሥራ ላይ አዋለ። ማኅበራቱ ኦክቶበር ላይ አድማ መቱ። እስከ ፌብሩዋሪ 2015 ከአራት ወር በላይ ቆየ። በ2017 ኩባንያው ለሌላ ተሸጠ። ማኅበሩ ትንቢቱ ልክ መሆኑ ምን ጠቀመው ይላል።

ምላሽ 14። 12ኛው ተመልሶ መጣ። ድንገት በአንቱታ መናገር ጀመረ፤ ከአክብሮት ግን አልነበረም። እርስዎ አድማን የበሽታው መነሻ አደረጉት፣ አድማ የትርፋማ ኩባንያም ነገር ነው አለ። ቬራይዘን ራሱ በ2016 ወደ 40,000 የሚጠጋ ሠራተኛ ከስድስት ሳምንት በላይ አድማ መትቶበታል። ቬራይዘን ያኔ ኪሳራ ላይ አልነበረም። ስምምነቱ ሲፈረም ደግሞ ኩባንያው 1,300 አዲስ የኮል ሴንተር ሥራ ለመክፈት ተስማማ። ከተጣሉበት ጉዳይ አንዱ ሥራው ወደ ውጭ መተላለፉ ነበር።

ምላሽ 15። ሁለታችሁም ተረጋጉ ካለ በኋላ የጀርመኑን ምሳሌ አመጣ። ዶይቼ ቴሌኮም በ2007 ወደ 50,000 ሠራተኞቹን ደሞዛቸው ወደሚያንስ አዳዲስ የአገልግሎት ድርጅቶች ለማዛወር ተነሣ። ቨርዲ የተባለው ማኅበር ከአንድ ወር በላይ አድማ መታ። መጨረሻው እንዲህ ሆነ፦ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ34 ወደ 38 ወጣ፣ ደሞዝ በሂደት 6.5 በመቶ ወረደ፣ በምላሹ እስከ 2012 መጨረሻ በግዳጅ የሚባረር ሰው እንዳይኖር ተፈረመ። ማኅበሩ ብዙ ሰጠ። ግን የሰጠውን ያውቃል፣ ያገኘውንም ያውቃል። በጀርመን ከ2,000 በላይ ሠራተኛ ባለው ኩባንያ የተቆጣጣሪ ቦርዱ ግማሽ ወንበር በ1976ቱ ሕግ መሠረት የሠራተኛው ነው። ማኅበሩ የሒሳብ መዝገቡን ሳያይ አይደራደርም። የ13ኛው አድማና ይህኛው አድማ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ምላሽ 16። ሐሳቡ አጭር ነው። የራስ ሰው ስለሚፈራራ የውጭ ማኔጅመንት በኮንትራት ይምጣ።

ምላሽ 17። ናይጄሪያ ሞክራዋለች አለ። በ2003 ናይቴል የተባለውን የመንግሥት ቴሌኮም እንዲያስተዳድር ፔንታስኮፕ የተባለ የደች ኩባንያ ኮንትራት ተሰጠው። በ2005 ተሰረዘ። ኩባንያው ከዚያ እጅ በእጅ ሲቀባበል ከረመ፣ ሠራተኛው ደሞዝና ጡረታ ሳያገኝ ዓመታት አለፉ። በ2015 ናይቴልና የሞባይል ክንፉ በ252 ሚሊዮን ዶላር ተሸጡ። በ2001 በዚያው አገር አንድ የሞባይል ፈቃድ ብቻውን 285 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ነበር። የኮንትራት ማኔጀር የሚመጣው ጊዜ ተቆርጦለት ነው። ጊዜው ሲያልቅ ይሄዳል። ዕዳውም ቦርዱም እዚያው ናቸው።

ምላሽ 18። ኮል ሴንተር ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት። እስካሁን ያወራችሁት ስለ ወንዶችና ስለ ገመድ ነው ብላ ጀመረች። እሷ የምትለካው በአንድ ጥሪ ስንት ደቂቃ እንደወሰደች ነው። ስለዚህ ችግሩ ቢፈታም ባይፈታም ጥሪው ቶሎ እንዲዘጋ ነው የምትሠራው። ያው ደንበኛ በማግስቱ ይደውላል፣ ሌላዋ ታነሣዋለች፣ ሁለት ጥሪ ተስተናገደ ተብሎ ሪፖርት ይሄዳል። ማኔጅመንቱ ጥሪ በዛ፣ ሰው ያንሳል ይላል። የእሷ ሐሳብ በሠላሳ ቀን ውስጥ ስለ አንድ ብልሽት ተደግሞ የተደወለው ስንት ነው ብሎ መቁጠር ነው። እሱ ከወረደ ሰውም ይተርፋል፣ ለጥገና የሚወጣው መኪናም ያንሳል። በዚህ ላይ ደግሞ ማኅበርና ማኔጅመንት የሚጣሉበት ምክንያት የለም።

እንደ እኔ ከሆነ ጥያቄ ከፋቹ በመጀመሪያው ድርድር ይዞ መግባት የነበረበት ይህንን ነው። ቅነሳን ይዞ የገባ ሰው በሩ ይዘጋበታል።

ምላሽ 19። ከ5ኛው ጋር አያይዞ ተስማማ። ካርታ አለማረምም ጥሪ ቶሎ መዝጋትም የአለካክ ጥፋት ነው አለ።

ምላሽ 20። ማኅበር ውስጥ የሠራ ሰው ነኝ ብሎ ጀመረና ራሱንም አልማረም። ማኅበራት ዕድገትንም ዝውውርንም በአገልግሎት ዘመን ብቻ እንዲሆን ሲታገሉ፣ አዲሱን ቴክኖሎጂ የሚያውቀው ወጣት ከታች ይቀራል። እሱም ይለቃል። በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ ሥልጠና መብት ሆኖ ካልተጻፈ፣ የመዳብ ሠራተኛውን ከነሥራው መቅበር ነው። ማኅበሩ ለሥልጠና ሰዓት ቢታገል ለትርፍ ሰዓት ክፍያ ከታገለው ይበልጥ አባሉን ያቆየዋል አለ። ሦስት ሰው ደገፈው፣ አንዱ ግን ከሐዲ አለው።

ምላሽ 21። ጥያቄ ከፋቹ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። 12ኛውን ካነበበ በኋላ የፋይናንስ ክፍሉን ጠይቆ እንደነበር ተናገረ። ለብድር ወለድ የሚከፈለው ገንዘብ፣ አንድ ሦስተኛ ሠራተኛ ቢቀነስ ይድናል ብሎ ካሰበው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አገኘው። ብድሩ ደግሞ በአብዛኛው ለአንድ የሲስተም ግዢ የተወሰደ ነው፤ ሲስተሙ እስካሁን በከፊል ብቻ ነው የሚሠራው። ይህን ለማኅበሩ ማሳየት ይገባል ወይ ብሎ ጠየቀ። አለቆቹ ምስጢር ነው ብለውታል።

ምላሽ 22። አሳያቸው አለ፣ ያለ ማመንታት። ማኅበሩ መዝገቡን ካላየ፣ ገንዘብ የለም የሚለውን ቃል መቼም አያምንም። ማኅበሩም ካየ በኋላ የፈለገውን ሁሉ መጠየቅ አይችልም። የምስጢር ስምምነት አስፈርሞ፣ ማኅበሩ ራሱ የመረጠው የሒሳብ ባለሙያ እንዲያየው ማድረግ ይቻላል። በዚያው ከቴክኒሻኑ እስከ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ድረስ ስንት የኃላፊ እርከን እንዳለ ቁጠር አለው። ቅነሳ ካለ ከዚያ ይጀመር፤ ከላይ የተጀመረ ቅነሳ ታች ሲደርስ የሚያዳምጠው ያገኛል።

ምላሽ 23። 9ኛው ተመልሶ ይቅርታ ዓይነት ነገር ጻፈ። ሙሉ በሙሉ አልነበረም። ግን ወለዱን አውጥተህ መናገርህ ጥሩ ነው አለ።

ምላሽ 24። ማንም ያላነሣውን አነሣ። ማማ ላይ የሚወጡት፣ የጀነሬተር ነዳጅ የሚያመላልሱት፣ ጉድጓድ የሚቆፍሩት በኮንትራክተር የተቀጠሩ ናቸው። ማኅበሩ ውስጥ የሉም፣ በድርድሩም የሉም። ቋሚ ሠራተኛ በተቀነሰ ቁጥር ሥራው የሚሄደው ወደ እነሱ ነው፤ ወጪውም ከደሞዝ መዝገብ ወጥቶ በአገልግሎት ግዢ ይመዘገባል። ስለዚህ ከቅነሳው የዳነው ገንዘብ ሲሰላ የኮንትራክተሩ ሒሳብ አብሮ መደመር አለበት አለ። ጥያቄ ከፋቹ ያንን ቁጥር ፋይናንስ ክፍል ጠይቆ እንደሚመለስ ጻፈ።